ኦብሳ ማንን ይጠራል?

ባለፈው ዓመት ለቅሶ ልደርስ ጉደር ሄጄ፣ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠምኩ ሳለሁ፣ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት አፍጥጠው ሲያዩኝ ቆዩና «አንቺ፣ የዚያ ሙት የሚጠራው ልጅ እህት አይደለሽም?» አሉኝ።

የጨበጥኩትን ንፍሮ ሳህኑ ላይ መለስኩ።

«ሳጥኑ ሲንኳኳ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፣ ጆሯቸውን እየጎተቱ። «ኳ፣ ኳ፣ ኳ! ዋቀዮ! ያን ሰሞን ስንቱ እንቅልፍ አጣ መሰለሽ!»

ባልቴቷ አልሰሙም። ሊሰሙም አይችሉም። የሳጥኑን ኳኳታ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ትምህርት ቤታችን አጥር ሥር፣ ለአንድ አንጓ ሸንኮራ ስል። በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ። የጉደር ወንዝ ሞልቶ አንዲት አህያ ከነጭነቷ ሽቅብ አምቦ ድረስ ወሰደ ብዬ ያሳመንኳቸው ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። በአህያዋ አልጸጸትም። ይችኛዋን ግን እስካሁን እፈራታለሁ፤ ስትወለድ የሸንኮራ አንጓ የምታህል ነበረች፣ በሳምንት ውስጥ ወንድሜን ልትበላው ቤታችን በር ላይ ቆመች።

ነገሩ በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ በሰኔ ነው። ወንድሜ ኦብሳ አምስት ዓመቱ ነበር። ኦብሳ በኦሮምኛ ትዕግሥት ማለት ነው፤ ትዕግሥቱ የታዘዘው ለልጁ ሳይሆን ለእኛ እንደነበር የገባን ቆይቶ ነው። ኦቲዝም የሚለው ቃል ያን ጊዜ ጉደር አልደረሰም። የደረሱት «የተለከፈ» እና «ዓይን የወጋው» የሚሉ ነበሩ። ስሙን ቢጠሩት ዞር አይልም፤ ሦስተኛው ቤት የከረሜላ ወረቀት ቢንኮሻኮሽ ግን ይሰማል። የጠርሙስ ቆርኪ ሰብስቦ ከአልጋው እግር እስከ በሩ ይደረድራል፤ መቶ ከሚሆኑት አንዷን ብትገለብጪበት ከውጭ ሲገባ ያንኑ ቆርኪ አንስቶ ያቃናዋል። ውሃ ሲጠማው አይለምንም። የእጅሽን አንጓ ይይዝና፣ እጅሽን እንደ ጭልፋ ጎትቶ ጆጉ ላይ ያሳርፈዋል። ፊትሽን አያይም። እኔ ያን ጊዜ፣ እጄን እንጂ እኔን የማያውቀኝ ይመስለኝ ነበር።

አባታችን የጭልሞ ደን ጠባቂ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ይመጣል። ሁለት በሬ በግራና በቀኝ ቢጎትቱት የማይቀደድ፣ ሲሰቅሉት ምስማሩን የሚያጎብጥ ካፖርት ነበረው። በሩ ላይ ቆሞ ካፖርቱን በሁለት እጁ እንደ ድንኳን ይከፍትና «ኮቱ፣ ኢልማ ኮ፣ ኮቱ!» ይላል፤ ና ልጄ፣ ና ማለቱ ነው። በማንም ጥሪ የማይዞረው ኦብሳ እየበረረ ሄዶ ይገባበታል። አባዬ ቁልፉን ከነልጁ ይቆልፍና አጥብቆ ይይዘዋል። ያ ቀኑን ሙሉ የሚርገበገብ ልጅ ውስጥ ገብቶ ጸጥ ይላል። እኔ ቅናት እየበላኝ «ኤጭ፣ ጭስ ጭስ ይሸታል» እል ነበር።

በጥር አባዬ ሞተ። ጭልሞ ላይ ብርድ መታው አሉ፤ በአምስተኛው ቀን አስከሬኑ መጣ። ከተዝካሩ በኋላ እማዬ ልብሱን ለችግረኛ ሰጠች። አንዷ ለቅሶ ደራሽ «ሁሉንም ሰጠሽው?» ስትላት፣ እማዬ በአልጋው ራስጌ ወዳለው ትልቅ የጣውላ ሳጥን በአገጯ እያመለከተች «የቀረው እዚያ ውስጥ ነው» ስትል ሰማሁ። ከዚያ በላዩ ፍራሽና ብርድ ልብስ ቆለለችበት። ሳጥኑ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም፣ የአባዬም ስም ቤት ውስጥ አልተነሳም።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። አባዬን ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት፤ የቀረውን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡት። የቀረው የቱ እንደሆነ አልጠየቅኩም። እግሩ ይሆናል ብዬ ገመትኩ፣ ረጅም ሰው ነበርና።

የሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ቆርቆሯችንን መደብደብ ሲጀምር፣ ኦብሳ ሁለት ጆሮውን ደፍኖ እየጮኸ ወደ ሳጥኑ ሮጠ። ፊቱን ከጣውላው ጋር አጣበቀ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንዲት ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ወጣች፤ በራሱ ድምፅ ሳይሆን በአባዬ፣ ከፍ ዝቅ የሚለው የአባዬ ዜማ ሳይቀር።

«ኮቱ» አለ ለሳጥኑ። «ኮቱ። ኮቱ።»

የእማዬ እጅ ላይ የነበረው ሳህን ወደቀ። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ወሬያቸውን አቋረጡ። ጉደር ውስጥ ኮቱ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ዶሮ እንኳን የለም። ልጁ የሞተ አባቱን «ና» እያለው ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ልጆች ከበቡኝ። እውነቱ ብቻውን ይበቃ ነበር። የእኔ ችግር ወጡ ሳይጎድለው ጨው መጨመር ነው።

«ታዲያ ሲጠራው» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሳጥኑ ከውስጥ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል።»

ሁሉም ጠጋ ጠጋ አሉ። ጣፈጠኝ። አንዷ ልጅ ሳትለመን ሸንኮራዋን ጉልበቷ ላይ ሰብራ ትልቁን ሰጠችኝ።

በሦስተኛው ቀን ውሸቴ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ተመለሰ። ቦኖ ወረፋ ላይ ቆሜ ከፊቴ ያሉት ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሰባት ጊዜ ነው አሉ የሚንኳኳው።»

«ኧረ ሌላም አለው! ሲንኳኳ ከውስጥ ‹ዱፌራ› ይላል አሉ።»

«እንዴት?»

«ዱፌራ ነዋ! መጥቻለሁ፣ ይላል።»

ጀሪካኔን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ይህን እኔ አላልኩም! ያልኩትን መልሰው ቢነግሩኝ ኖሮ እስቅ ነበር። ያላልኩትን ሲጨምሩ ግን፣ እኔ ሳልኖር የሰሙት ነገር ይኖራል ብዬ አመንኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጠራራ ፀሐይ እንኳን እዚያ ክፍል ብቻዬን አልገባም። ደብተሬ አልጋው ላይ ቀርቶብኝ ሁለት ቀን ያለ ደብተር ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ በላስቲክ አለንጋ መገረፍን መረጥኩ።

ወሬው በአውቶቡስ ጣራ ተጭኖ እጃጂ ደረሰ። እጃጂ የአባዬ ታላቅ እህት አለች፤ እኛ አዳዳ ጫልቱ እንላታለን፣ አዳዳ አክስት ማለት ነው። በሰው ላከችብን። «ወንድሜ አላረፈም። ልጁ እየጠራ አላሳርፍ አለው። ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

የት እንደምትወስደው ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገም። ከእጃጂ ወዲያ ገጠር ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆችን ከግንድ ጋር አስሮ በጭስ የሚያጥን ሰው ነበር፤ ያለባቸው ነገር እስኪለቃቸው አይፈታቸውም ይባላል። ክፍላችን ውስጥ እዚያ ከርማ የተመለሰች ልጅ ነበረች። ሁለቱም የእጆቿ አንጓዎች ላይ ገመዱ የተወው ጥቁር ቀለበት ነበር። በፊት ትስቅ ነበር ይላሉ። እኔ ሳውቃት ሰው ከኋላዋ ሲያልፍ ራሷን በክንዷ ትሸፍናለች።

እማዬ ትከራከራለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተከራከረችም። ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ታይፕ ስትመታ ውላ ትመጣለች፤ ቤት ዝናብና ጩኸት ይጠብቃታል። «ደከመኝ» ብቻ አለች። የኦብሳን ሁለት ሹራብ አጥባ ገመድ ላይ ሰቀለች። የሰኔ ፀሐይ አላደርቅ ብሎ ሦስት ቀን ተሰቅለው ከረሙ፤ እኔም ይሄን እያየሁ ሳይደርቁ ዓመቱ እንዲያልቅ ጸለይኩ።

ኦቦ ዋቅጅራ የመጡት በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ነው። ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ያልወጉት ቂጥ የለም። ኦብሳ ሲጮህ የራሱን እጅ ነክሶ አቁስሎት ስለነበር እማዬ አስጠርታቸው ነው። የጸሎት ቤታቸውን መዝሙር በአፍንጫቸው እያዜሙ ቁስሉን ጠረጉ፣ ጠቀለሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲነክሰው ምን ሆኖ ነበር?»

«አባዬን ሲጠራ ነው። ሳጥኑ ሰባት ጊዜ ይንኳኳና...»

«ቆጠርሽ?»

«እ... ሰው ነው የቆጠረው።»

«ደብተር አለሽ?»

«አለኝ፤ ግን...» ደብተሩ ያለበትን ክፍል በዓይኔ አሳየኋቸው። ገብተው አመጡልኝ።

«እንግዲህ ስሚ። ሲጮህ፣ ከመጮሁ በፊት ምን እንደነበረ ጻፊ። ሲጮህ ምን እንዳደረገ ጻፊ። ምን እንዳረጋውም ጻፊ። ዓይንሽ ያየውን ብቻ።»

በማግስቱ የመጀመሪያውን ገጽ ኩራት ነፍቶኝ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «ሰማይ ተሰነጠቀ። ኦብሳ እንደ አንበሳ አገሳ። የጉደር ወንዝ ቆሞ አዳመጠ።» ቀና አሉ።

«ወንዙ ሲቆም የት ሆነሽ አየሽው?»

የእግሬን ጣቶች ቆጠርኩ።

እስክሪብቷቸውን አውጥተው ሰማዩን ሰረዙ፣ አንበሳውን ሰረዙ፣ ወንዙን ሰረዙ። ከሙሉ ገጽ የተረፈችኝ «ኦብሳ» ብቻ ነበረች።

«አርባ ዓመት መርፌ ስወጋ» አሉ፣ «አንዲት ጠብታ ጨምሬ አላውቅም። የጨመርኩት በሽተኛው ላይ ነው የሚደርሰው። ገባሽ?»

ገባኝ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገብቶኝ ሦስቱን ኳኳታ የሚያውቁብኝ መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት የጻፍኩት ይኸው ነበር። ዝናብ መጣ። ጆሮውን ያዘ። ወደ ሳጥኑ ሮጠ። ኮቱ አለ። ዝናቡ አባራ። ዝም አለ። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ የለም። ቆርኪ ደረደረ። አሥር ሰዓት ላይ ዝናብ መጣ። ጆሮውን ያዘ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ደረቅ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ኦቦ ዋቅጅራ ግን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ዝናብ ሳይኖር አባቱን አይጠራም» አሉ ለራሳቸው። «አባቱን አይደለም የሚፈልገው። ቆርቆሮው ነው ጆሮውን የሚያርደው።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ታዲያ ለምን ወደ ሳጥኑ? ምንድነው ውስጡ ያለው?»

የቀረው ነው፣ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የአባዬ እግር ተጣጥፎ ታየኝ። ብናገር ይከፍቱታል። ቢከፍቱት ይወጣል።

«ምንም» አልኩ።

ስንት ጊዜ ዋሽቼ፣ ትልቁ ውሸቴ ያቺ አንዲት ያልተጋነነች ቃል ሆነች።

ዓርብ ዕለት እማዬን ሊያናግሯት መጡ። በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ።

«ልጁ ፈርቶ ነው እንጂ አልተለከፈም። ለገመድ አትስጪው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምን ላድርገው? እርስዎ ይንገሩኝ!»

«ምን እንደሚያረጋው እስክናውቅ ጥቂት ቀን ስጪኝ።»

«ቀን የለኝም፣ ኦቦ ዋቅጅራ። ነገ ትመጣለች።»

ቅዳሜ አዳዳ ጫልቱ በጠዋቱ አውቶቡስ መጣች። ክፉ ሴት ብትሆን እንዴት በተመቸኝ! ለእኔ የፀጉር ማስያዣ፣ ለኦብሳ ሙዝ ይዛ ነው የመጣችው፤ ሙዙን ልጣ፣ እሱ ከሰው እጅ እንደማይበላ ሳይነግሯት አውቃ፣ ቆርኪዎቹ አጠገብ አስቀመጠችለት። አቅፋኝ የአባዬን ስም እየጠራች አለቀሰች። ከዚያ ቅርጫቷን ስታስተካክል፣ ከሥሩ አዲስ የተጠቀለለ ሲባጎ አየሁ። ዕቃ ማሰሪያ ይሁን ሌላ፣ ዛሬም አላውቅም። ያን ጊዜ ግን የኦብሳን የእጅ አንጓ በዓይኔ ለካሁት፤ ሲባጎው ይተርፈው ነበር።

እማዬ ያልደረቁትን ሹራቦች በላስቲክ ከረጢት አደረገች። አውቶቡሱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሲል ሰማዩ ጠቆረና ቆርቆሯችን ላይ የዓለም ጠጠር ሁሉ ወረደ።

ኦብሳ ጮኸ። ጆሮውን ያዘ። ሮጠ። በሳጥኑና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ገብቶ ተሰወረ።

«ኮቱ» አለ። «ኮቱ!»

አዳዳ ጫልቱ የወንድሟን ድምፅ ስትሰማ ወደ ሳጥኑ ዞረች። «ወንድሜ...» አለች።

ያኔ ሳጥኑ ተንኳኳ።

ኳ። ኳ። ኳ።

የፈጠርኩት ነገር ተፈጠረ። ያን ሰዓት የተሰማኝን በአርባ ዓመቴም ሳስበው እግሬ ይበርደዋል። አልጮህኩም፤ ሸናሁ። ልሮጥ ዞርኩ፣ አዳዳ ጫልቱ ቀድማኝ በሩ ላይ ደርሳ፣ ሰፊ ሴት ናትና፣ መውጫውን ደፍናው ትጮሃለች። እማዬ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ደርቃለች። ኳኳታው ቀጠለ። አራት። አምስት። ሰባትም አለፈ። እኔ የምሄድበት አጣሁና ወደ ሳጥኑ አየሁ፣ ከዚያ በቀር የማየው ስላልነበረኝ።

ከፍራሹ ቁልል ወዲያ አንዲት ትንሽ ተረከዝ ወጥታ ትታያለች። በየኳኳታው ትነቀነቃለች። ወደ ጎን ጠጋ አልኩ። ኦብሳ ነው፤ ግንባሩን ከጣውላው ጋር የሚያጋጨው እሱ ነው። ግንባሩ ደምቷል።

የሚንኳኳው ከውጭ ነበር።

ስለ «የቀረው» የነበረኝ ፍርሃት ግን ንቅንቅ አላለም፤ ቢሆንም ሳጥኑ ካልተከፈተለት ግንባሩን መፍለጡን እንደማይተው አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ብርድ ልብሱን ስጎትት፣ ፍራሹን ስገፋ፣ አባዬ እንደሚወጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ክዳኑን አነሳሁ። የጽድ ሽታ ወጣ። ጭስ። ትንባሆ። ዓይኔን ሳልከፍት የእጄን አንጓ አንድ ትንሽ እጅ ያዘው፤ እጄን እንደ ጭልፋ ሳጥኑ ውስጥ ነከረውና አንድ ወፍራም፣ ሻካራ ነገር ላይ አሳረፈው።

ጎተትኩት። ካፖርቱ ነበር።

ኦብሳ አልጠበቀኝም። በእጅጌው ይሁን በኮሌታው ገብቶ ሥሩ ጠፋ፤ መሬት ላይ የተከመረ ካፖርት ብቻ ቀረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደደበደበው ነው። ካፖርቱ ግን ጸጥ አለ።

«ኮቱን...» አለች እማዬ በሹክሹክታ። «ኮቱን ነው እንዴ?»

«ካፖርት» የምንለው ለእንግዳ ነው። በቤታችን እማዬ ስትጠራው በአጭሩ «ኮቱ» ነበር፤ ኮቱን ስቀሉት፣ ኮቱ ረጥቧል፣ ኮቱን ከልጁ ላይ አታንሱት። ኦሮምኛው «ኮቱ» ጠብቆ ይነገራል፣ አማርኛው ላልቶ፤ በጩኸትና በእንባ መሃል የጠበቀውን ከላላው ማን ይለያል? ሁለቱንም ቋንቋ የምንሰማ ሰዎች፣ አንዱን ብቻ ሰምተን ልጁን ልናሳስረው ነበር። ለእሱ ደግሞ አባዬ፣ ጥሪውና ካፖርቱ ሦስት ነገር ይሁኑ አንድ፣ እስከዛሬ ጠይቄው አልመለሰልኝም።

እማዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። ክምሩን ከነልጁ ወደ ጉያዋ ሳበችና አባዬ ያደርግ እንደነበረው አጥብቃ ያዘችው። ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባዬን ስም ስትጠራ ሰማኋት።

አዳዳ ጫልቱ ነጠላዋን እያስተካከለች ከበሩ ተመለሰች። የካፖርቱን ጫፍ ነካች፣ አሸተተች፣ ፊቷን ቀበረችበት። ቀና ብላ እማዬን በስሟ ጠራቻት።

«ቢሆንም እንሂድ፣ አስናቁ። ሰውየው ይጠብቀናል።»

«ልጄ የትም አይሄድም።»

«ሳጥኑስ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚንኳኳው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ። ቀሚሴ እርጥብ ነው። «ከዚህ በፊት ተንኳኩቶ አያውቅም። እኔ ነኝ ለልጆች ሦስት ጊዜ ይንኳኳል ያልኳቸው። ውሸቴን ነው።»

እማዬ የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያናገረችኝ አዳዳ ጫልቱ ናት።

«ሦስት?» አለች። «ሦስት ብቻ ነው ያልሽው?»

«ሦስት ብቻ።»

«እኔ እጃጂ ላይ አሥራ ሁለት ብያለሁ» አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

የሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ። አዳዳ ጫልቱ ቅርጫቷን አንስታ ብቻዋን በሩ ድረስ ሄዳ ቆመች።

«መንደሩ በሙሉ እኮ ነው የሸኘኝ፣ አስናቁ። ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

«ዝናብ ይፈራል በያቸው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ማን ያምነኛል?»

አዳዳ ጫልቱ አውቶቡሱ አምልጧት፣ ዝናቡ እስኪያባራ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ዝናብ ይፈራል... ዝናቡን እኮ ነው የሚፈራው...» እያለች ለብቻዋ ተለማመደች። በየጊዜው ትጀምረዋለች፣ በየጊዜው ያንስባታል። ዞር ብላ አየችኝ፤ የሚያሳምር ነገር የማላጣ መሆኔን ታውቃለች። አፌ ላይ የመጣ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ።